አንድ መስመር

ካትሪን ሠንጠረዥ ሠራች በአራት ዓይነት ቀለም፤
"ከዚህ ወረቀት ውጪ የሚመረጥ የለም።"
ወደ ታች ከተሞች፣ ወደ ጎን መስፈርቶች፦
ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ሜዳና ዥዋዥዌዎች፣
ኪራዩ በወር ስንት፣ የሕፃናት ማቆያው ቦታ እንዳለበት፣
ባቡሩ በሰዓት ስንቴ እንደሚቆምበት፤
በመጨረሻው ዓምድ፣ ጠርዙ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣
"ከአያቶች ቤት ድረስ ስንት ደቂቃ?" የሚል አለበት።

እኔ ከመሳቢያው ጥግ አሮጌ ኮምፓስ አውጥቼ
ናውምቡርግን ወጋኋት፣ ካርታ ዘርግቼ፤
አባትና እናቴ እዚያ ናቸውና፣
ክቡን አሰፋሁት፦ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ እንደገና።
ኩሬ ላይ ድንጋይ ጥሎ ማዕበል እንደሚቆጥር ልጅ
የት ብንቆም እንደማንረጥብ ለካሁ እንጂ
ድንጋዩ እየሰመጠ መሆኑ ትዝም አላለኝ።

ከፍራንክፈርት ቅዳሜ ቅዳሜ በሌሊት እየተነሣን
እንደ ሽማግሌ ላኪ ከተማ ልናጭ ወጣን፤
ዘሯን እስከ ሰባት ቤት፣ ጎረቤቷን፣ ውኃዋን ጠየቅን።
ባድ ኮዘን አየሩ ጨው ጨው ይላል፤ ለሳንባ ፍቱን ነው አሉ፤
ያለ ምርኩዝ የሚሄድ ግን ጠፋ ከመንገደኛው ሁሉ።
ሚልካ አንገቷን አስግጋ፣ "ልጆቹን የት ደበቋቸው?" አለች።
አፖልዳ ናሆም አሸዋው ላይ ተቀምጦ አልሄድም አለ፤
የእሱ ሠንጠረዥ በቃ ያ ነበር።
ስሟን የማልጠራት የአንዲቱ ከተማ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር
"ከየት ናችሁ?" አለችን። "ከፍራንክፈርት።" "አይ፣ ከየት ነበር?"
ካትሪን መኪና ውስጥ ገብታ ወረቀቱን ዘረጋች፣
አንድ ዓምድ ጨመረች፤ ርዕስ ግን አልሰጠች።

አባቴ ደወለ፦ "ለእኛ ብላችሁ እንዳትመጡ።
እኛ ዛሬ አለን፣ ነገ የለንም፤ ለልጆቹ እግር ምረጡ።
አርባ ዓመት ፋብሪካ ቆሜ ያወቅኩት ይኸው ነው፦
መዛግ የጀመረ ብሎን ላይ ዕቃ አይሰቀልም።
ከሠንጠረዡ አውጡኝ፤ እኔ ዓምድ አይደለሁም።"

በጥቅምት፣ ሌላ ቤት ልናይ ስንሄድ፣ ሚልካን እነሱ ጋ ተውናት።

ናውምቡርግ ትራም አላት። ሠረገላው አንድ፣
መስመሩ አንድ፤
ግራ የለው፣ ቀኝ የለው፤ ይሄዳል፣
ይመለሳል።

አባቴ እዚያ ላይ ጠፋ።

ስንመለስ ሚልካ በር ላይ ጫማዋን እየፈታች
እንደ ተራ ወሬ፣ እንደ ዝናብና ፀሐይ አወራች፦
"ኦፓ ሳንደርስ ወረደ። 'ቤታችን ይሄ ነው' አለኝ።
በሩ ቀይ አይደለም አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ።
እጁን ያዝኩት፤ ሐዲዱን ሐዲዱን መጣን።
አልፈራሁም። መንገድ ላይ ብስኩት ገዛን።"

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን የታጠበ ብርጭቆ ታጥባለች።
"ይሄ ሦስተኛው ነው" አለች።
"መርሻ አትንገሪያቸው ብሎኝ..." ቧንቧውን ጨምራ ከፈተች።

እኛ እኮ የወጣነው ልጅ የሚጠብቅልን ፍለጋ ነበር።

ሌሊት ካትሪን ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
አራቱን ቀለም ሁሉ ትታ፣
በእርሳስ፣ በመጨረሻው ዓምድ ሥር ጻፈች፦
"በእግር፣ በስድስት ዓመት ልጅ እርምጃ፣
አያት በእጅ ተይዞ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ።"

ያገኘነው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም።
የማቆያው ተራ እስከ መጋቢት አይደርሰንም።
ካትሪን በሳምንት ሁለት ቀን ለሥራ ባቡሯ
ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሣለች።

ማለዳ አባቴ ዳቦ ገዝቶ ገባ፤ ተላጭቷል፣ ሸሚዙን ቆልፏል።
ከኋላው እናቴ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ።
"ምን መረጣችሁ?"
"እዚሁ። ትራሙ አጠገብ።"
ዳቦውን አስቀመጠና አሰበ።
"መስመሩ አንድ ነው፣ አይደል?"
"አንድ ነው፣ አባዬ።"
"ጥሩ ነው" አለ። "ልጆቹ አይጠፉም።"